በዕዳ የታረሰው ሜዳ

ሴፕቴምበር 18 ቀን 1873 እ.ኤ.አ. (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የጄይ ኩክ ባንክ በሩን ዘጋ። ጄይ ኩክ ተራ አበዳሪ አልነበረም። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ የሰሜኑን መንግሥት ቦንድ ከከተሜ እስከ ገጠሬ እየሸጠ ለጦሩ ገንዘብ ያቀረበ፣ ስሙ ብቻ እንደ ዋስትና የሚቆጠር የፊላደልፊያ ሰው ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ግን ልቡ በአንድ የባቡር ሐዲድ ተነደፈ። ሐዲዱ ከሱፒሪየር ሐይቅ ተነስቶ ሰው እምብዛም የማይኖርበትን የሰሜን ሜዳ አቋርጦ ፓሲፊክ ውቅያኖስ ላይ የሚያበቃ ነበር።

ሐዲዱን የሚዘረጋው የኖርዘርን ፓሲፊክ ኩባንያ በ1864 ፈቃዱን ሲያገኝ መንግሥት የሰጠው ድጋፍ መሬት ነበር። ሐዲዱ በሚያልፍበት ግራና ቀኝ መሬቱ እንደ ዳማ ገበታ በካሬ ተከፋፈለ፤ አንዱ ካሬ ለኩባንያው፣ ቀጣዩ ለመንግሥት እየሆነ ተደለደለ። ውሎ አድሮ በኩባንያው እጅ የገባው መሬት ወደ 40 ሚሊዮን ኤከር ይጠጋል፤ በእኛ ልክ 16 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ነው። ነገር ግን ገዥ የሌለው መሬት ሐዲድ አይገዛም። ኩክ የሐዲዱን ቦንድ ለመሸጥ ያላደረገው ነገር የለም። የሰሜኑ አየር ለስላሳ ነው፣ ክረምቱም አይከብድም እያለ በጋዜጣ ሲያስነግር ተቺዎቹ አካባቢውን “የጄይ ኩክ የሙዝ ምድር” ብለው ቀለዱበት። የጀርመን ባለሀብቶች ልብ ይሳባል በሚል ተስፋም ሐዲዱ የደረሰበት የሚዙሪ ወንዝ ከተማ በ1873 በቻንስለራቸው ስም ቢስማርክ ተባለ። ከተማው ዛሬም በዚያው ስም ይጠራል። የጀርመኖቹ ገንዘብ ግን የታሰበውን ያህል አልመጣም፤ ባንኩም ወደቀ፤ ወድቆም ብቻውን አልቀረም፣ የአሜሪካን ኢኮኖሚ ለዓመታት ይዞት ወረደ።

በስፋቱ ዘመኑን ያስደነቀው የስንዴ እርሻ የበቀለው ከዚህ ውድቀት ነው። ስለ አሜሪካ ሜዳ የሚነገረው የተለመደ ተረክ በአንድ ብርቱ ገበሬ፣ በአንድ ማረሻና በአንድ ሰፊ አድማስ ይጀምራል። እውነተኛው ተረክ የሚጀምረው ግን ዋጋውን ያጣ ቦንድ ታቅፈው በቀሩ ሰዎች ነው። ስንዴው የተዘራው ዕዳ ለማወራረድ ነበር፤ ይህን ካልያዝን ቀጥሎ የመጣው ሁሉ ትርጉሙ ይጠፋብናል።

እርሻው የበቀለበት መሬት ምን ዓይነት እንደነበር እንይ። ሬድ ሪቨር የሚባለው ወንዝ ዛሬ ሚኒሶታንና ሰሜን ዳኮታን እየለየ ወደ ሰሜን፣ ወደ ካናዳ ይፈሳል። ሸለቆ ቢባልም ለዓይን ሸለቆ አይመስልም፤ የተደለደለ ሜዳ ነው። ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት፣ የበረዶ ዘመን ሲያበቃ፣ የቀለጠው ግግር በረዶ የፈጠረው ሰፊ ሐይቅ በዚያ ተኝቶ ነበር። ሊቃውንት አጋሲዝ ሐይቅ ይሉታል። ሐይቁ ሲደርቅ ከሥሩ የቀረው ጥቁር ደለል ድንጋይም ጉቶም የለበትም። በላዩ የበቀለው ሣር ሥሩን ወደታች እየሰደደ፣ እየሞተና እየበሰበሰ ለብዙ ሺህ ዓመታት አፈሩን አዳበረው። ማረሻ አንድ ጊዜ ከገባበት እንቅፋት ሳይነካው ኪሎ ሜትሮችን መሄድ ይችላል።

ይህ መሬት ባለቤት ነበረው። ዳኮታዎችና ኦጂብዌዎች ያደኑበት፣ የነገዱበትና የተዋጉበት አገር ነው። በ1851 ዳኮታዎች የሚኒሶታን ደቡብ በውል እንዲለቁ ተደረገ። የተገባላቸው ክፍያና ቀለብ እየዘገየ ረሃብ ሲጠናባቸው በ1862 አመፁ፤ አመፁ ከተደመሰሰ በኋላ ዲሴምበር 26 ቀን በማንካቶ ከተማ 38 ዳኮታዎች በአንድ ቀን ተሰቀሉ። በቀጣዩ ዓመት ኦጂብዌዎች በወንዙ ግራና ቀኝ ያለውን መሬታቸውን ፈረሙ። ከወንዙ በስተምዕራብ የነበረውን ሰፊ መሬት ደግሞ የሲሲቶንና የዋፐተን ዳኮታዎች በ1872 በተጀመረ ስምምነት ለቀቁ፤ የታሰበላቸው ዋጋ ለአንድ ኤከር አሥር ሳንቲም እንኳ አልሞላም። ኤከር ማለት ከግማሽ ሄክታር ያነሰ፣ 0.4 ሄክታር ገደማ ነው። የባቡር ኩባንያው ቦንድ በዋስትና ያቀረበው ይህን መሬት ነበር።

ባንኩ ከወደቀ በኋላ የኩባንያው ቦንድ በገበያ ላይ ዋጋው አሽቆለቆለ። ሕጉ ግን አንድ ቀዳዳ ትቶ ነበር፤ ቦንዱን የያዘ ሰው ወረቀቱ ላይ በተጻፈው ሙሉ ዋጋ መሬት መቀየር ይችላል። የኩባንያው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ካስና ከቦርዱ አባላት አንዱ የሆነው ቤንጃሚን ቼኒ ይህን ቀዳዳ ተጠቀሙበት። በቦንዳቸው ከፋርጎ ከተማ በስተምዕራብ ከ13,000 ኤከር በላይ፣ ከ5,000 ሄክታር የማያንስ መሬት ወሰዱ። ሐሳቡን ያራገበው የኩባንያው የመሬት ሹም ጄምስ ፓወር ነው። የፓወር ስሌት ከእርሻ ትርፍ ያለፈ ነበር። መሬቱ ስንዴ እንደሚያበቅል በትልቁ፣ በጋዜጠኛ ፊት ከታየ የቀረው ሚሊዮን ሄክታር ገዥ ያገኛል ብሎ ነው። በዛሬ አነጋገር ማስታወቂያ ነበር፤ ሰሌዳው 5,000 ሄክታር የሆነ ማስታወቂያ።

ካስም ቼኒም ገበሬዎች አልነበሩም፣ ዳኮታ የመክረም ሐሳብም የላቸውም። የቀጠሩት ኦሊቨር ዳልሪምፕል የሚባል ሰው ነው። ዳልሪምፕል በትምህርቱ የሕግ ሰው ሲሆን በሚኒሶታ ሰፊ የስንዴ እርሻ አልምቶ፣ ስንዴ ሲወደድ የከበረ፣ በግብይት ጨዋታ ደግሞ ያገኘውን ያጣ ሰው ነው። የተፈራረሙት ውል እኩል አራሽነትን ለሚያውቅ አንባቢ እንግዳ አይሆንበትም፤ ልዩነቱ ስፋቱ ነው። ባለመሬቶቹ ዘር፣ ከብትና መሣሪያ ያቀርባሉ፤ ዳልሪምፕል ያርሳል፣ ያስተዳድራል። ያወጡት ገንዘብ ከነወለዱ ከምርቱ ከተመለሰላቸው በኋላ የመሬቱ ግማሽ የእሱ ይሆናል።

በ1875 ገመሳው ተጀመረ። የሜዳ ሣር ሥር እንደ ምንጣፍ የተጠላለፈ ነውና የሚገመሰው ሣሩ ገና በሚያድግበት በግንቦትና በሰኔ ወራት ነው፤ ያኔ የተገለበጠው ሥር በሙቀት ይበሰብሳል። ማረሻው ጠልቆ አይገባም፤ ከላይ ያለውን ስስ ሽፋን ቆርጦ ይገለብጠዋል። በበጋው ማብቂያ ሁለተኛው እርሻ ይከተላል፤ ያም በተቃራኒው እየገለበጠ አፈሩን ያደቃል። ከዚያ ክረምቱ ይመጣል፤ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ የሚወርድ ብርድ። ዘር የሚዘራው በሚቀጥለው ሚያዝያ፣ ከላይ ያለው አፈር ብቻ ቀልጦ ከሥሩ ገና በረዶ እያለ ነው። ስለዚህም የመጀመሪያው አዝመራ የተሰበሰበው በ1876 ሆነ፤ ከ1,280 ኤከር 32,000 ቡሼል። አንድ ቡሼል ስንዴ 27 ኪሎ ነው፤ ሲመነዘር በሄክታር ወደ 17 ኩንታል ይደርሳል። ማዳበሪያ ላልነካው መሬት የሚያስደንቅ ምርት ነበር።

ፓወር የፈለገው ሆነለት። ወሬው ተነዛ። ከፔንሲልቬንያ ነዳጅ ዘይትና ጣውላ ያከበራቸው የግራንዲን ወንድማማቾች መጥተው በወንዙ ዳር ግዙፍ እርሻ ከፈቱ። በ1878 ፕሬዚዳንት ራዘርፎርድ ሄይዝ ራሱ የዳልሪምፕልን እርሻ ሊያይ መጣ። ጋዜጦቹም ለእነዚህ እርሻዎች ስም አወጡላቸው፣ “ቦናንዛ” አሏቸው፤ ወርቅ ቆፋሪ የከበረ የማዕድን ሥር ሲያገኝ የሚለው ቃል ነው። ዳልሪምፕል በዝናው ጫፍ ላይ በነበረበት በ1880ዎቹ አጋማሽ ወደ 30,000 ኤከር ገደማ በአንድ ወቅት ያርስ ነበር።

እርሻው የሚመራው እንደ ፋብሪካ ነው። መሬቱ በብዙ ክፍል ተከፋፍሎ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ አለቃ፣ የሠራተኛ መኝታ፣ በረት፣ አንጥረኛ ቤትና ጎተራ አለው። ክፍሎቹን ከዋናው ቢሮ ጋር የሚያገናኘው ስልክ ነበር፤ ይህ ስልክ በብዙ የአሜሪካ ከተማ ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን ነው። ጎህ ሳይቀድ ደወል ይደወላል። አራሹ እንደ ድሮው ከማረሻው ኋላ አይሄድም፤ ሁለት ማረሻ የተጣመረበት ባለመንኮራኩር መሣሪያ ላይ ተቀምጦ አራት በቅሎ ይነዳል። አንዱ ትልም ሲጀመር የሚያበቃው ለዓይን በማይታይ ርቀት ነው። ቁርሱን በልቶ የወጣ አራሽ ሄዶ እስኪመለስ ፀሐይ ከፍ ትላለች።

የአጨዳው ወራት፣ ነሐሴ ሲመጣ፣ ትዕይንቱ ጠቅላላ መልኩን ይለውጣል። ሳይረስ ማኮርሚክ በ1831 ያሳየው ማጨጃ በዚህ ጊዜ ተሻሽሎ አጭዶ ነዶውን ራሱ የሚያስር ሆኗል። መጀመሪያ የሚያስረው በሽቦ ነበር፤ የሽቦው ስብርባሪ ከእህሉ እየተቀላቀለ ወፍጮውን ሲያበላሽ፣ የከብቱንም ሆድ ሲጎዳ፣ ጆን አፕልቢ የሚባል ሰው በገመድ የሚቋጥር ብልሃት አወጣ። በትልልቆቹ እርሻዎች ማጨጃዎቹ አንዱ ከአንዱ ጥቂት ወደኋላና ወደ ጎን እየሆኑ በሰልፍ ይገባሉ፤ አለቃው በፈረስ ይከተላል፤ ከእሱ ኋላ ደግሞ መለዋወጫ የጫነ ጋሪ ከጠጋኙ ጋር ይመጣል። ማጨጃ ቆመ ማለት አዝመራ ቆመ ማለት ነውና። ምሳ ወደ ሠራተኛው በጋሪ ይሄዳል እንጂ ሠራተኛው ወደ ምሳ አይሄድም። የመውቂያው የእንፋሎት ሞተር ማገዶ በሌለበት አገር የሚነደው በራሱ ገለባ ነው፤ ይህን ያሰበ ሰው ሊመሰገን ይገባዋል።

ሠራተኞቹ ከየት መጡ? አብዛኞቹ ክረምቱን በሚኒሶታና በዊስኮንሲን ደን እንጨት ሲቆርጡ የከረሙ፣ ቤተሰብ ያልመሠረቱ ወንዶች ናቸው። ባቡር ላይ ተንጠላጥለው ይመጣሉ፣ ለጥቂት ሳምንታት አጭደውና ወቅተው ይሄዳሉ። ዓመቱን ሙሉ የሚቀጠሩት በጣም ጥቂት ነበሩ። የእርሻው ባለቤት ስማቸውን አያውቅም፤ እነሱም ባለቤቱን አያውቁትም። የገበሬ ሕይወት የምንለው ነገር፣ ጎረቤት፣ ደቦ፣ ሰንበቴ፣ በዚያ አልነበረም። ለእኔ የቦናንዛው እርሻ ከሁሉ የሚገርመው ነገሩ ይኸው ነው፤ በዚያ ሁሉ ሰፊ እርሻ ውስጥ ገበሬ የሚባል ሰው አልነበረም።

ከዚያ ስንዴ ብዙው የሚሄደው ወደ ሚኒያፖሊስ ነው፤ ሚኒያፖሊስ ባይኖር ዳኮታ አትታረስም ነበር። የሰሜኑ ክረምት በመከር የተዘራ ስንዴ ስለሚገድል እዚያ የሚበቅለው በጸደይ የሚዘራ ጠንካራ ስንዴ ብቻ ነው። ይህ ስንዴ ደግሞ በድንጋይ ወፍጮ ሲፈጭ ልጣጩ ይሰባበርና ፍሩሽካው ከዱቄቱ ይቀላቀላል፤ ዱቄቱ ይጠቁራል፣ ቶሎም ይበላሻል። ስለዚህ በገበያ የተናቀ ነበር። በ1870ዎቹ መጀመሪያ ላይ በሚኒያፖሊስ ወፍጮ ቤቶች ኤድመንድ ላክሯ የተባለ ከፈረንሳይ ወገን የሆነ ባለሙያ አንድ መሣሪያ ሠራ። ገና ዱቄት ያልሆነው ክርክም በሚወዛወዝ ወንፊት ላይ ሲያልፍ ከሥር የሚነፍሰው አየር ቀላሉን ፍሩሽካ እያነሳ ይወስደዋል፤ ከባዱና ነጩ ክርክም ይቀርና እንደገና ይፈጫል። ከዚህ የወጣው ዱቄት ከነጭም ነጭ፣ ሊጡም የሚያበዛ ሆነ። ትናንት የተናቀው ስንዴ ዛሬ ከሌላው በላይ የሚከፈልበት ሆነ ማለት ነው።

የዱቄት ብናኝ እንደ ባሩድ የሚፈነዳ ነገር መሆኑ ግን ገና በወጉ አልታወቀም ነበር። ሜይ 2 ቀን 1878 የዋሽበርን ትልቁ ወፍጮ ፈንድቶ ጎረቤቶቹንም ይዞ ጠፋ፤ 18 ሰዎች ሞቱ። ባለቤቱ ካድዋላደር ዋሽበርን ወዲያው መልሶ ሠራው። ብናኝ የሚሰበስብ መሣሪያ አስገባ፤ በድንጋዩ ምትክም ኢንጂነሩን ሃንጋሪ ልኮ ባስጠናው የብረት ሮለር መፍጨት ጀመረ። ይህ ኩባንያ ነው ኋላ፣ በ1928፣ ጄኔራል ሚልስ የሆነው።

የቦናንዛው ዘመን ከዚህ በኋላ ሩቅ አልሄደም። ማስታወቂያው ከመጠን በላይ ሠርቶ ነበር። ዛሬ ሰሜን ዳኮታ በምንለው አገር በ1880 የነበረው ሕዝብ 37,000 ገደማ ነው፤ በ1890 ወደ 191,000 ደርሷል። ኖርዌጂያን፣ ጀርመን፣ ከሩሲያ የመጡ ጀርመኖች፣ ስዊድን፣ ካናዳዊ። የ1862ቱ የሰፈራ ሕግ ለአምስት ዓመት ተቀምጦ ላረሰ ሰው 160 ኤከር በነፃ ይሰጥ ነበር፤ በእኛ አንድ ጋሻ ተኩል ያልፋል። የመሬት ዋጋ ናረ፤ ግብሩም ከዋጋው ጋር ወጣ። በዶላር ጀምሮ የነበረው የቡሼል ዋጋ በ1890ዎቹ አጋማሽ ወደ 50 ሳንቲም ወረደ። በዓመት በዓመቱ ስንዴ በስንዴ ላይ የተዘራበት መሬትም ጉልበቱ እየደከመ፣ አረሙ እየበዛ ሄደ።

ዋጋ ሲወድቅ የሚታየው የትልቁና የትንሹ ልዩነት ነው። ቦናንዛው ለሁሉ ነገር ይከፍላል፤ ለአጫጁ፣ ለአለቃው፣ ለምግብ አብሳይዋ፣ ለቀለቡ። ቤተሰብ ግን ለራሱ ደመወዝ አይከፍልም። ኖርዌጂያኑ ሰፋሪ ዋጋ ሲወድቅ ቀበቶውን ያጠብቃል፤ ሚስቱ ታልባለች፣ ዶሮ ታረባለች፣ ልጆቹ ነዶ ያቆማሉ፤ ያን ዓመት ያለ ትርፍ ይኖራል፣ ግን ይኖራል። የቦናንዛ ባለአክሲዮን ያለ ትርፍ አንድ ዓመት እንኳ መታገሥ አይፈልግም፣ ደግሞም ከመሬቱ ሽያጭ የሚያገኘው ከስንዴው ይበልጥ ነበር። ስለዚህ ሸጡ። ካስና ቼኒ ከዳልሪምፕል ጋር የነበራቸው ሽርክና በ1890ዎቹ ተፈትቶ መሬቱ ተከፋፈለ። ብዙዎች ይህን የታላቅ እርሻ ውድቀት አድርገው ይጽፉታል። እኔ አልስማማም፤ ገና ሲፀነስ ለማስታወቂያ የታሰበ ነገር ሥራውን ጨርሶ ሄደ እንጂ አልወደቀም። ባለቦንዶቹ ገንዘባቸውን አገኙ፤ ባቡሩም የሚጭነው እህል አገኘ።

ዕዳው ግን ከሜዳው አልወጣም፤ ወደ ሰፋሪው ተላለፈ። ሰፋሪው ለማጨጃው ተበደረ፣ ለዘሩ ተበደረ፣ መሬቱን አስያዘ። ስንዴውን የሚሸጥበት ደግሞ አንድ በር ብቻ ነበረው፤ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ የቆመው ረጅም ጎተራ። ጆሴፍ ዳርት በ1842 በባፋሎ ከተማ በእንፋሎት እህል ወደ ላይ የሚያወጣ ጎተራ ከሠራ ወዲህ እህል በጆንያ መመዘኑ ቀርቶ እንደ ውኃ የሚፈስ ሆነ። የፈሰሰ እህል የማን እንደሆነ አይለይም፤ የሚለየው ደረጃው ነው። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እየተባለ ደረጃ የሚያወጣለት ደግሞ ገዥው ራሱ ነበር።

አንድ ገበሬ ጋሪውን ይዞ ጎተራው ላይ ደረሰ እንበል። መዛኙ እፍኝ ስንዴ አንስቶ አየ፤ “እርጥበት አለው፣ አረም አለው፣ ሦስተኛ ነው” አለ። ለአረሙና ለቆሻሻው ከክብደቱ ቀነሰ፤ ለደረጃው ደግሞ ከዋጋው ቀነሰ። ገበሬው ይዞት እንዳይመለስ በረዶ እየመጣ ነው፣ ባንኩም እየጠበቀ ነው። ይኸው ሦስተኛ የተባለ ስንዴ ወደ ዱሉት ወይም ወደ ሚኒያፖሊስ ሲደርስ በጥሩው ላይ ተቀላቅሎ ሁለተኛ ወይም አንደኛ ሆኖ ይወጣል። ትልልቆቹ ጎተራዎች ካስገቡት በላይ አንደኛ ደረጃ ስንዴ ያስወጡ እንደነበር በመዝገባቸው ታይቷል። ምድሪቱ ያላበቀለችውን አንደኛ ስንዴ ቢሮው ያበቅላል ማለት ነው።

ነገሩን በማስረጃ ያፈረጠው ኬሚስት ነው። በፋርጎ የእርሻ ኮሌጅ ፕሮፌሰር የነበረው ኤድዊን ላድ ለከብት መኖ ይሁን ተብሎ በርካሽ የሚገዛውን የተጨማደደ ስንዴ አስፈጭቶ፣ ጋግሮ፣ ጥሩ ዳቦ እንደሚወጣው አሳየ። ገበሬው የለፋበት እንጀራ ከአፉ ሲወሰድ በላቦራቶሪ ተመዘገበ። በ1915 አርተር ታውንሊ የሚባል በተልባ እርሻ የከሰረ ሰው የፖለቲካ ማኅበር መሠረተ፤ ከገበሬ ቤት ወደ ገበሬ ቤት በፎርድ መኪና እየዞረ መዋጮ ሰበሰበ። ማኅበሩ በምርጫ አሸንፎ ሥልጣን ያዘ። በ1919 የሰሜን ዳኮታን የመንግሥት ባንክ አቋቋመ፤ በ1922 ደግሞ በግራንድ ፎርክስ ከተማ የመንግሥት ወፍጮና ጎተራ ተከፈተ። ላድ ራሱ ሴናተር ሆኖ ዋሽንግተን ገባ። የካፒታሊዝም መዲና በምትባለው አገር እምብርት እንዲህ ያለ ነገር መሆኑን ስንቱ ያውቃል?

ስንዴ ትምህርቱን ቶሎ ይረሳል። አንደኛው የዓለም ጦርነት አውሮፓን ሲያስርብ የአሜሪካ መንግሥት ለስንዴ በቡሼል ከ2 ዶላር በላይ ዋስትና ሰጠ። ወዲያው ቦናንዛው በሌላ መልክ ተነሳ። ቶማስ ካምቤል የሚባል የግራንድ ፎርክስ ኢንጂነር በ1918 ከጄ. ፒ. ሞርጋንና ከሌሎች ባንኮች 2 ሚሊዮን ዶላር ተበድሮ በሞንታና በክሮው ሕዝብና በሌሎች ነባር ሕዝቦች መሬት ላይ በትራክተር ብቻ የሚታረስ እርሻ ከፈተ። ድርቅ መታው፤ አበዳሪዎቹ ሸሹ፤ እሱ ግን ድርሻቸውን በርካሽ ገዝቶ ቀጠለ። በ1929 ስታሊን ጠርቶ አማከረው። ለሶቭየቶቹ የመንግሥት እርሻ ከተወሰዱት አርአያዎች አንዱ ከሞርጋን ብድር የተወለደ ድርጅት መሆኑ ለታሪክ ፌዝ ጥሩ ምሳሌ ነው።

በደቡብ ደግሞ የባሰው መጣ። ዝናብ በሚያንስበት በካንሳስ ምዕራብ፣ በኦክላሆማና በቴክሳስ ሜዳ በ1920ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ብቻ ከ5 ሚሊዮን ኤከር በላይ አዲስ መሬት ተገመሰ። ከከተማ መጥተው ዘርተው የሚሄዱ፣ ለአጨዳ ብቻ የሚመለሱ ሰዎች ነበሩ፤ የአገሩ ሰው “የሻንጣ ገበሬ” ይላቸዋል። ዋጋው ሲወርድ ዕዳውን ለመክፈል ይበልጥ አረሱ፤ ይበልጥ ሲያርሱ ዋጋው ይበልጥ ወረደ። በ1931 ቡሼሉ ከ40 ሳንቲም በታች ሆነ። ከዚያ ዝናቡ ቀረ። ሣሩ የተነቀለበት አፈር የሚይዘው ሥር አልነበረውምና ተነሳ። ኤፕሪል 14 ቀን 1935፣ እሑድ፣ ቀኑ በጥቁር አቧራ ግድግዳ ጨለመ። ሂው ቤኔት የሚባለው የአፈር ሊቅ ለኮንግረሱ ሲያስረዳ አቧራው ዋሽንግተን ድረስ ደረሰለት ይባላል፤ ያም ሆነ ይህ በዚያው ወር የአፈር ጥበቃ መሥሪያ ቤት በሕግ ተቋቋመ።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የአሜሪካ ስንዴ ስሙ በእርዳታ ጆንያ ላይ የተጻፈ ነገር ነው። በተቃራኒው የሄደ አንድ ነገር መኖሩን ግን ብዙ ሰው አይሰማም። ሰሜን ዳኮታ ለፓስታ የሚሆነውን ዱረም ስንዴ በብዛት የምታመርት ግዛት ናት። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የግንድ ዋግ አዲስ ዝርያ ተነስቶ በ1953 እና በ1954 የዱረሙን ምርት ከግማሽ በላይ አጠፋው። አንድ ዓይነት ዘር በአንድ ሜዳ መዝራት ለዋግ የተዘረጋ ገበታ ነው። አዳቃዮቹ መድኃኒቱን ፍለጋ በዓለም ሁሉ የተሰበሰቡ ዘሮችን ሲፈትሹ ከኢትዮጵያ የሄደና በመዝገብ “ኤስ. ቲ. 464” ተብሎ የተቀመጠ የአገር ዝርያ ዋጉን ሲቋቋም አገኙት። በ1960ዎቹ ለሰሜን ዳኮታ ገበሬ የተለቀቀው “ሊድስ” የተባለው ዱረም ከዚያ ዝርያ የወረሰው መከላከያ አለው። ያን ስንዴ ትውልድ በትውልድ እየመረጠ ያቆየው ያገራችን ገበሬ ነው፤ ስሙ የትም አልተጻፈም፣ ክፍያም አልደረሰውም።

ዛሬ ሬድ ሪቨርን የሚያቋርጥ ሰው የሚያየው እርሻ ከቦናንዛው ዘመን ብዙም አይተናነስም። ትራክተሩ በሳተላይት ይመራል፤ ያኔ መቶዎች የሚሰማሩበትን አጨዳ አንድ አባትና ልጅ በጥቂት ቀን ይጨርሱታል። ሰፋሪው ቦናንዛውን ቢያሸንፍም የሰፋሪው የልጅ ልጅ ጎረቤቱን እየገዛ ቦናንዛ ሆኗል፤ ልዩነቱ አሁን ቤተሰብ መሆኑ ነው። በካሰልተን፣ በካስ ስም በተሰየመችው ከተማ፣ የዳልሪምፕል ዘር እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ያርስ ነበር፤ ከመካከላቸው ጃክ ዳልሪምፕል ከ2010 እስከ 2016 የሰሜን ዳኮታ ገዥ ሆኗል። ዳኮታዎችና ላኮታዎች በስታንዲንግ ሮክ ነዳጅ ማስተላለፊያ ቧንቧ በመሬታችን አጠገብ አያልፍም ብለው ድንኳን ሲተክሉ በገዥነት ወንበር ላይ የነበረው እሱ ነው።

ማን አተረፈ ብሎ ለሚጠይቅ፣ መልሱ የመሬቱን ስፋት በማየት አይገኝም። በሰፊውም በጠባቡም መሬት ያረሰው ሰው ዋጋ ተቀባይ ነበር፤ ትርፉ የቀረው ሐዲዱን፣ ጎተራውንና የብድሩን መዝገብ በያዘው እጅ ነው። ገበሬዎቹ ከእነዚህ ቀምተው ማቆየት የቻሉት ጥቂቱን ነው። በግራንድ ፎርክስ የተከፈተው የመንግሥት ወፍጮና ጎተራ ተቃዋሚዎቹ ባወጁት ጊዜ አልከሰረም፤ መቶ ዓመት አልፎት አሁንም ይፈጫል፣ ከአሜሪካ ግዙፍ ወፍጮ ቤቶች አንዱ ነው፣ ከትርፉም ከፊሉ ወደ ግዛቱ ካዝና ይገባል።